ንግሥቲቱን የጻፉት የከብት ሐኪም

ኔትወርክ ለአሥራ ሦስት ቀን ጠፍቶ የተመለሰ ዕለት፣ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ያደሩ መልእክቶችን መትፋት ጀመረ። ከሁሉ መጨረሻ የመጣው ከጥሊሊ ከተማ የተላከ ነበር። «ጋሽ ፈንታሁን ዐርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ በስድስት ሰዓት ነው» ይላል። ያ «ዛሬ» ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚመጣው ዕንባ ነው ይባላል። እኔን ቀድሞ የያዘኝ ፍርሃት ነው። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ አንድ ደንበኛ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ማን እንደሆነ አላውቀውም። ፊቴ ሲለዋወጥ ካየ «ማን ሞተብሽ?» ይለኛል። ከጠየቀኝ ስማቸውን ልጠራ ነው። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩና ወረቀቱን አባዝቼ ሰጠሁት። ከወጣ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ ከማሽኑ ጀርባ ቁጭ አልኩ። እንደ ሌባ ተደብቄ ያለቀስኩላቸው ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የታመመ ከብት ሲያድኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

ጋሽ ፈንታሁን የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነበሩ፤ ገበሬው ግን «ሐኪሙ» ነው የሚላቸው። ቆሰበር ዙሪያ እሳቸውን የማያውቅ ፈረስ አልነበረም። ቆሰበር የምለው እሳቸው እንደዚያ ይሉ ስለነበር ነው፤ እንጅባራ የሚለው ስም ለእሳቸው ማኅተም ላይ ያለ ስም ነው። የክትባት ሳጥናቸውን አንግተው ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞሩ ስለኖሩ ግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ጡረታ ወጥተው ሳጥኑን ካስረከቡ በኋላ እንኳ ከሩቅ ሲመጡ አንድ ነገር የተሸከሙ ይመስሉ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ከገበሬው ጋር በአውኚ፣ ከከተሜው ጋር በአማርኛ፣ ከፈረስ ጋር ደግሞ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

«ፈረስ ሲፈራ ጆሮው ይናገራል» ይሉ ነበር። «ሰው ግን እየፈራም ‹ደኅና ነኝ› ይላል። ከሰው ፈረስ ማከም የሚቀለው ለዚህ ነው።» ይህን ሲሉ ሁለቱን ጣቶቻቸውን ከጭንቅላታቸው በላይ ቀስረው እንደ ጆሮ ወደፊትና ወደኋላ ያደርጓቸዋል። ያን ሲያደርጉ አይስቁም፤ የምንስቀው እኛ ነን።

የተዋወቅነው በክረምት ነው። መናኸሪያው አጠገብ ካለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ገቡ፤ ከዝናብ ልብሳቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለሉ አራት ደብተሮች አወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ የምትጽፊውን ታነቢዋለሽ ወይስ ዝም ብለሽ ነው የምትጽፊው?» አሉኝ።

«አላነበውም ጋሼ። ጣቴ ነው የሚያነበው» አልኩ። ማመልከቻና የፈተና ወረቀት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ካነበብኩትማ አብዳለሁ።

«ይኼን እንድታነቢው እፈልጋለሁ። ከእኔ ሌላ ያየው የለም።»

የአገልግሎት ትዝታ፣ ወይም ስለ ከብት በሽታ የተጻፈ መምሪያ መስሎኝ የመጀመሪያውን ደብተር ገለጥኩ። ልብ ወለድ ነበር። ሰቀልማ የምትባል፣ በካርታ ላይ የሌለች አገር፤ ሃያ ዓመት ያልሞላት ንግሥት፤ ዙፋኗን ሊነጥቃት የሚያሴር አጎት፤ ሌሊት አንዱን ቀን ሌላውን የሚከዱ መኳንንት። ከሁሉ የሚያስፈሩት ግን «ጥላ ለባሾች» የሚባሉት ነፍሰ ገዳዮች ናቸው። በቀትር የሰው ጥላ ገፍፈው እንደ ካባ ይለብሳሉ። ጥላ የለበሰ ገዳይ ለሰው ዓይን አይታይም፤ የሚያየው ፈረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ንግሥቲቱን ከሞት የሚያድናት የጦር አለቃ አይደለም፤ የፈረሶቿ ባልደራስ ነው፤ የፈረስ ጆሮ አይቶ ገዳዩ በየት በኩል እንደመጣ የሚያውቅ ዝምተኛ ሰው። ንግሥቲቱ ይህን ሰው ትወዳለች፤ መውደዷ ደግሞ ከታወቀ ሁለቱም ይሞታሉ።

የዚያን ዕለት ሦስት ሰው ወረቀት ሊያስጽፍ መጥቶ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብዬ መለስኩ። ማሽኑ ደኅና ነበር። ባልደራሱ በረት ውስጥ ቆሞ፣ ፈረሶቹ ሁሉ ጆሯቸውን ወደ ባዶ ጥግ የቀሰሩበት ቦታ ላይ ደርሼ ነበር።

ለአራት ወር ያህል በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ፣ ከጎኔ ካለችው የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስጽፍ ያዩኝ ነበር። ጣቴን ነው የሚያዩት። «ለአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ነው የምትመቺው?» ይላሉ። «ይኼኛውስ የት ነው ያለው?» እመልስላቸዋለሁ። አንድ ቀን ደብተራቸውን ዘግተው ተጨንቀው ተቀመጡ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«መግደሉ አላስቸገረኝም። መውደዱ ነው ያስቸገረኝ። ይቺ ንግሥት ሰውየውን እንደምትወደው እንዴት አድርጋ ታሳየው? አፍ አውጥታ አትናገር።»

«ባለቤትዎ እንዴት ነበር ያሳዩዎት?»

«ከገጠር ስመለስ ቦት ጫማዬን ታጥብልኝ ነበር። ጭቃውን በእንጨት እየፋቀች» አሉ። «ንግሥት ግን ጫማ አታጥብም።»

«ተደብቃ ታጥባለች» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ደብተሩን ከፈቱና እዚያው ጽፈው ጨረሱት፤ ንግሥቲቱ በረቱ ውስጥ ማንም ሳያያት ጭቃ ስትፍቅ የሚያሳየውን ክፍል። ከጻፍኳቸው ገጾች ሁሉ ያን የሚያህል አላየሁም።

ጊዜው ግን ደግ አልነበረም። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሌላ ሳምንት ይዘጋል። ተኩስ ሲሰማ ሱቅ እንዘጋለን፤ ሲቆም እንከፍታለን። ማን የማን ጆሮ እንደሆነ ስለማይታወቅ ሰው ሲገናኝ የሚያወራው ስለ ዝናብ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«በዚህ ጊዜ ስለ ሴራና ስለ ገዳይ መጻፍ አያስፈራም ጋሼ?»

«ተረት ነው እኮ። አገሩም የለ፣ ዘመኑም የለ።»

«ሰው ግን አለበት።»

ጣታቸው ሳያስቡት ወደ ጆሯቸው ሄደ።

አሁን የምናገረው የራሴን ጥፋት ነው። ብርቱካን የምትባል አብራኝ የተማረች ጓደኛ አለችኝ፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ዳታ ከተዘጋ ወራት ሆኖታል፤ የሚታይም የሚነበብም ነገር የለም። ምን እየጻፍኩ እንደሆነ ደጋግማ ስትጠይቀኝ አላስቻለኝምና ምዕራፍ ዘጠኝን አትሜ ሰጠኋት። «ዛሬ አንብበሽ ነገ ትመልሻለሽ» አልኳት። ማለችልኝ። ምዕራፍ ዘጠኝ የንግሥቲቱ አጎት የሚሞትበት ነው፤ ራሱ የቀጠራቸው ጥላ ለባሾች ከድተውት ድልድይ ላይ በቀትር ይገድሉታል።

ብርቱካን በማግሥቱ መለሰችልኝ። ግን ከሳምንት በኋላ አንድ ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ ነጂው ወደኋላ ዞሮ «ያን የጥላ ለባሾቹን ነገር አነበብሽው?» አለኝ። እስከ ገበያው ድረስ ምዕራፍ ዘጠኝን በሙሉ ተረከልኝ፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ መሪውን ለቅቆ በሁለት እጁ አሳየኝ። የመንገደኛ ጩኸት ነው ያዳነን። መደንገጥ ሲገባኝ ደስ አለኝ። እኔ የጻፍኩት ይመስል ልቤ በኩራት ሞላ። ለጋሽ ፈንታሁን ልነግራቸው ከጫፍ ደርሼ ተውኩት፤ ከነገርኳቸው ማን እንዳወጣው ይጠይቁኛልና።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ አንድ በከተማው የታወቀ ባለሥልጣን ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ ድልድይ አጠገብ ከመኪናው ወርዶ እንደቆመ ተገደለ። ማን እንደገደለው አልታወቀም። ቀትር ላይ ነበር።

በማግሥቱ ከተማው ውስጥ የሚሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ተጽፎ ነበር።»

በመጽሐፉ ውስጥ የንግሥቲቱ አጎት ከዘራ ይይዛል። ሟቹም ከዘራ ይይዝ ነበር። ከዘራ የማይዝ ሽማግሌ በአዊ የት አለ? ግን ማን ይሰማል! ከቅጂ ቅጂ የተባዛ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር መስመር የወረደበት ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ በረረ። ማን እንደጻፈው ለማወቅም አልተቸገሩም። ስለ ፈረስ ጆሮ እንዲያ የሚናገር ሰው በቆሰበር አንድ ብቻ ነው።

ጋሽ ፈንታሁን አንዱን ቅጂ ይዘው መጡ።

«ይኼ እንዴት ወጣ፣ ሙሉ?» አሉኝ በስሜ ጠርተው።

«ሳትም የተበላሸውን ገጽ ውጭ ጥዬ ነበር። አንስተውት ይሆናል» አልኩ። ዓይናቸውን አላየሁም።

«ይሆናል» አሉ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያልፉ አንዳንዱ ያማትባል። አንዳንዱ ልጁን ወደ ቤት ይጠራል። ትናንት «ሐኪሙ» ያለ ሰው «ፈረስ የሚያውቃቸውማ መንፈስ ስላላቸው ነው» ማለት ጀመረ። እሳቸው ግን እንደ ድሮው ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ይሰጣሉ። ማንም አይመልስላቸውም፤ ባርኔጣውን ቀስ ብለው ይመልሱታል።

አንድ ረፋድ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ሴት ሱቄ ገብተው፣ ጋሽ ፈንታሁን ከእኔ ጋር እያወሩ ሳለ እግራቸው ላይ ወደቁ። ትልቁ ልጃቸው ከቤት ከወጣ አምስት ወሩ ነው። በማን በኩል እንዳለ አያውቁም፤ ይኑር ይሙት አያውቁም።

«ይጻፉልኝ» አሉ። «‹በሕይወት አለ› ብለው ይጻፉልኝ። እርስዎ የጻፉት ይደርሳል ብለውኛል።»

«እማማ፣ እኔ የጻፍኩት ተረት ነው። በማርያም ይነሡ።»

«ተረትም ቢሆን ይጻፉልኝ። የልጄ ስም አንተነህ ነው።»

ሊያነሷቸው ቢታገሉ ሴትዮዋ እንቢ አሉ። ጋሽ ፈንታሁን ወደ እኔ ተመለከቱ። ያን ጊዜ ያየሁትን ፊት እስከዛሬ አልረሳውም፤ ገደል ጫፍ ላይ እንደቆመ ሰው ነበሩ። ከዚያ ከጠረጴዛዬ አንድ ወረቀት ወሰዱና ቆመው ጻፉ፦ «አንተነህም መንገዱን አግኝቶ፣ በደኅና ወደ እናቱ ቤት ገባ።» ሴትዮዋ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ አጥፈው በጡታቸው መሀል ከተው ወጡ።

«ምን ላድርግ?» አሉኝ ድምፃቸው ሰልሎ። «እንቢ ብል ‹ልጅሽ ሞቷል› ማለቴ ነው።»

በአሥራ አንደኛው ቀን አንተነህ አንድ እግሩን እየጎተተ እናቱ ቤት ገባ።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ እልል አሉ። እኔ ግን ከድልድዩ ይልቅ ይኼ አስፈራኝ። በማግሥቱ ጋሽ ፈንታሁን በር ላይ ሰባት እናቶች ቆመው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከመንገዱ ማዶ ድረስ ተሰለፉ፤ ከገጠር በጋሪ የመጡም ነበሩ። ፎቶግራፍ የያዘ አለ፤ የልጁን ሹራብ የያዘ አለ። እሳቸው በሩን ዘግተው ውስጥ ተቀመጡ። ወጥተው «አልችልም» ቢሉ አያምኗቸውም፤ ጽፈው ደግሞ ያልተመለሰ ልጅ ቢኖር «ገደሉት» ይባላሉ።

በአምስተኛው ቀን ከሰልፉ መሀል አንድ ሰውዬ በግ እየጎተተ ገብቶ በጓሮ በኩል አገኛቸው። የፈለገው ልጅ አይደለም። በእርሻ ድንበር የተጣላውን የጎረቤቱን ስም በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው።

«ይኼኛው እንዳይመለስ አድርገው ይጻፉልኝ» አላቸው።

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ሱቄ ድረስ መጥተው ከማሽኑ ጀርባ፣ ከመንገድ የማይታዩበት ቦታ ላይ ተቀምጠው። «እስከዛሬ የምፈራው እንዳይገድሉኝ ነበር» አሉ። «ያ ሰውዬ ግን እንደ ገዳይ ነው ያየኝ። በአክብሮት ነው ያየኝ፣ ሙሉ! ‹ጌታዬ› አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ፈርቼ አላውቅም።»

ጆሮ የሚሠሩባቸውን ሁለት ጣቶቻቸውን አጥብቀው ይዘዋቸው ነበር።

ሁለት ሰዎች ሱቄ የመጡት ማክሰኞ ጧት ነው። የደንብ ልብስ አልለበሱም። አንደኛው ምዕራፍ ዘጠኝን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

«ይኼ ከዚህ ማሽን ነው የወጣው?»

«አይደለም» አልኩ።

«ማን ጻፈው? ማለት በማሽን የመታው?»

«አላውቅም።»

ሁለተኛው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የቀርከሃውን ወንበር፣ ግድግዳውን፣ ከዚያም ጣቶቼን አየ። «ከሰዓት እንመለሳለን» አሉና ወጡ። ሱቁን ሳልዘጋ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሮጥኩ። ጋሽ ፈንታሁን ጓሯቸው ውስጥ ድንች እየኮተኮቱ ነበር። ነገርኳቸው። መኮትኮቻውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጃቸውን ታጠቡ፤ ቀስ ብለው፣ ልክ ላም ሊያዋልዱ እንደሚዘጋጁ።

«ተመልሰሽ ሱቅሽ ቁጭ በይ። እንዳትዘጊ፤ እንዳትሸሺ። የሚሮጥ ፈረስ ሁሉም ያባርረዋል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ የምሄድበት አለ።»

ደብተሮቻቸውን በዚያው ፌስታል ጠቅልለው፣ ዝናብ ሳይኖር የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። ሁለቱ ሰዎች ወደሚሠሩበት የጸጥታ ቢሮ በእግራቸው ሄዱ።

እኔ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ያደረግኩትንም እነሆ እናገራለሁ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ የሰቀልማን ምዕራፎች አንድ ባንድ አጠፋሁ፤ ሃያ ሁለቱንም። ያተምኩትን ሁሉ ከሱቁ ጀርባ በከሰል ማንደጃ አቃጠልኩ። ንግሥቲቱ ጫማ የምታጥብበት ገጽ እጄ ላይ ሲደርስ ትንሽ አመነታሁ። የመኪና ድምፅ ሰማሁና ጣልኩት። መኪናው አልፎ ሄደ፤ ድንች የጫነ ነበር። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም።

ለምን እንዳልመጡ ያወቅሁት ከወር በኋላ ነው። በዚያ ቢሮ ግቢ በጥበቃ የሚሠራ፣ ጋሽ ፈንታሁን በሬውን ያዳኑለት ሰው መታወቂያ ሊያባዛ መጥቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ነገረኝ። ጋሽ ፈንታሁን ሲገቡ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሏቸው። «በማሽን የመታውስ?» ሲሏቸው «እሱንም እኔ ነኝ» አሉ። ሳቁባቸው። ስድሳ ዓመት ያለፈው የከብት ሐኪም! አንዱ ላፕቶፕ አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠና «እስቲ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍ» አላቸው። ጋሽ ፈንታሁን በሕይወታቸው የኮምፒውተር ቁልፍ ነክተው አያውቁም። መነጽራቸውን ጠርገው አደረጉ። ከዚያ በአንዲት ጣት፣ እየፈለጉ ሳይሆን የት እንዳለ እንደሚያውቅ ሰው ቀስ እያሉ፣ አንዲት ፊደል ሳይስቱ ጻፉ፦ «በሰቀልማ አገር ንግሥት ሆና የነጋላት፣ እስኪመሽ ማን እንደሚያደርሳት ማወቅ ነበረባት።»

«ሳቃቸው ጠፋ» አለኝ ጥበቃው።

ስምንት ቀን አሰሯቸው። ሌላ ነገር ሊያገኙባቸው አልቻሉም። ደብተሮቹን አስቀርተው፣ ሁለተኛ እንዳይጽፉ አስፈርመው ለቀቋቸው። ቤታቸው በር ላይ ማንም አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሰልፈኛ በስምንት ቀን ተበትኗል። ዕቃቸውን ሰብስበው ጥሊሊ እኅታቸው ጋ ገቡ።

ልጠይቃቸው የሄድኩት መንገዱ ሲከፈት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እያየሁ፣ ሁለት ቦታ ወርደን እየተፈተሽን ደረስኩ። በረንዳ ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ በሩን እያዩ ተቀምጠዋል። የስኳር በሽታ አክስቷቸዋል፤ አንገታቸው የሸሚዙን ኮሌታ አይሞላውም። ሞተር ሳይክል ሲያልፍ መላ አካላቸው ይነቃነቃል፤ ድምፁ እስኪርቅ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ።

«ለምን መጣሽ?» አሉኝ። «አትምጪ። ሰው ያይሻል።»

«የምነግርዎት አለኝ። ያን ምዕራፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለጓደኛዬ ሰጠኋት።»

«አውቃለሁ። ከአንቺ በቀር ማን ነበረውና?»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ፈርተሽ ነበራ። የፈራን ልጅ ምን ይሉታል?»

ዕንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ሰዎቹ ሲያነቡት ምን አሉ? ማለቴ፣ ከዚያ ነገር በፊት?»

የባጃጁን ነጂ ነገርኳቸው። መሪውን ለቅቆ በሁለት እጁ ድልድዩን እንዳሳየኝ፣ ሰው ልንገጭ እንደነበር። አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «መሪውን ለቀቀ?» ይላሉ፤ ደግሜ እነግራቸዋለሁ። «እውነትሽን ነው፣ መሪውን?» ከዚያ ሳቁን ቆርጠው ወደ በሩ አዩ።

«ማሽንሽ ውስጥ ያለውን ደብቂው» አሉኝ። «አንድ ቀን ሲሻል...»

«የለም ጋሼ። እርስዎ የሄዱ ዕለት አጠፋሁት። ወረቀቱንም አቃጠልኩት።»

መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ። ግራ ትከሻቸው ከዚያ በላይ ዝቅ የሚል አይመስለኝም ነበር፤ ዝቅ አለ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ በመጨረሻ። እንዲያ ሲሉ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አደረጉ፤ ፈረስ እንደሚያረጋጉት። «በይ ሳይመሽ ሂጂ፤ መኪናው ያመልጥሻል።»

በሕይወት ያየኋቸው ያን ቀን ነው መጨረሻው።

መልእክቱ በደረሰኝ በሁለተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ጥሊሊ ሄድኩ። ድንኳኑ ፈርሶ ለቀስተኛው ቤት ውስጥ፣ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። እኅታቸው እማማ አንጓች አማርኛቸው ከአውኚ የተቀላቀለ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። «ሙሉ የምትባለዋ ነሽ?» አሉና ከጎናቸው አስቀመጡኝ። እጄን ያዙ።

«ስላንቺ ያወራኝ ነበር» አሉኝ። «እንዳይጽፍ ከለከሉት፤ እሱ ግን ጧት ጧት ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ድንች ስልጥ በአውኚ ይነግረኝ ነበር። ስለዚያች ንግሥት። ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ጫማውን ያጠበችለትን ሁሉ። አጎቷ ሲሞት ደስ አለኝ፣ ይቅር ይበለኝ።» ድምፃቸውን አልቀነሱም፤ እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የሚያወሩት። «በኋላ ግን ክፉዎቹ ቤተ መንግሥቱን ከበቡት። ባልደራሱ ፈረሱ ላይ አወጣትና ‹አንቺ ሂጂ፤ ፈረሱ ያያቸዋል፣ ልጓሙን ልቀቂለት› አላት። እሱ በሩን ይዞ ቀረ። እሷ ወንዙ ጋ ደረሰች። እዚያ ላይ ሳለን ነው በሽታው የጠናበት።»

ተደግፈውኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል፤ ለወንድማቸው ይሁን ለሌላ አላወቅኩም።

«አንቺ ጽፈሽዋል፤ ታውቂያለሽ። ተሻገረች?»

አላውቅም ነበር። ያ ክፍል እኔ ጋ አልደረሰም። ያቃጠልኳቸው ገጾች፣ ያጠፋኋቸው ሃያ ሁለት ምዕራፎች፣ በአንዲት ጣት የተጻፈው መስመር ፊቴ ላይ ተደቀኑ።

«ተሻግራለች እማማ» አልኩ። «በደኅና ገብታለች።»

ሳላውቀው ጮክ ብዬ ኖሯል። በሩ አጠገብ ስልኩን ሲነካካ የነበረ አንድ ጎልማሳ ቀና አለ። ስገባ አይቼው ነበር፤ ከለቀስተኛው ማንም አላናገረውም።

«ማን ናት የተሻገረችው?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ወለሉን ያዩ ጀመር።

እማማ አንጓች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይን ዓይኑን አዩት።

«የወንድሜ ልጅ ናት» አሉ። «ሩቅ አገር ነው ያለችው።»

ሰውዬው «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። እማማ አንጓች ተነሥቼ እስክሄድ ድረስ እጄን አልለቀቁትም፤ መዳፋቸው እንደ መዳፌ በላብ ርሶ ነበር።